ሳልጠራው የቀረሁት ስም

ሌላ ሰው በጻፈው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል። ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነስተው ነው ያጨበጨቡት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጽሑፉ የጓደኛዬ ነበር፤ እሷም እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሆሳዕና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ብትን ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር። ሀዲይኛ ከደንበኞች አፍ የለቀምኳት ጥቂት ቃል ብቻ ነበረችኝ፤ ዋጋ መናገርና ሰላምታ መመለስ እችላለሁ፣ ከዚያ አልፍም። በዚህ አፍሬ አላውቅም ነበር። የሚያፍሩት አማርኛ የማይችሉት ናቸው ብዬ ነው ያደግሁት፤ ማንም እንዲህ ብሎ ባይነግረኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣት ማዕከል መሄድ ጀመርኩ። ማዕከል ይባል እንጂ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ማስጠናቱ ይቆምና እስኪያባራ ድረስ እየተያየን እንቀመጣለን። ፕሮግራሙን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከጎጃም በሥራ ተዛውረው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑናል፤ ቲቸር ደግሞ በስተመጨረሻ ያለችውን አንድ ሰዓት ለራሳቸው ይወስዷታል። ያቺን ሰዓት «የማይክ ሰዓት» እንላታለን። ከመካከላችን አንድ ሰው ራሱ የጻፈውን ነገር ማይክ ይዞ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ እንወያያለን።

«ፈተና ማለፍን የሚያስተምራችሁ አታጡም» ይሉን ነበር። «እኔ የምፈልገው የሆዳችሁን አውጥታችሁ እንድትናገሩ ነው።»

ጓደኛዬን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከጊምቢቹ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ ቀጠን ያለች ልጅ ነበረች። ሆሳዕና ከሁለት የአጎቷ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አገሯ ትገባና ቆጮና አይብ ይዛ ትመለሳለች። ሒሳብ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም። አስጠኚው ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ደብተሯ ላይ አለ፤ ግን እጇን አታወጣም። ጎኗ ስለምቀመጥ አይቼ እኔ አወጣለሁ። አሁን ሳስበው ከሷ መውሰድ የለመድኩት ያኔውኑ ነው።

የመጀመሪያ የማይክ ተራዋ ሲደርስ ስለ እናቷ ጽፋ መጣች። «እናቴ ከገበያ መጣ፣ ደክሞት ነበር» ብላ ጀመረች። አዳራሹ ሳቀ። መጥፎ ሳቅ አልነበረም፤ ከሳቁት ግማሾቹ እቤታቸው ሀዲይኛ ወይ ከምባትኛ የሚናገሩ፣ ራሳቸውም ትናንት እንደዚያው ሲሉ የነበሩ ናቸው። እኔም ሳቅሁ። እሷ ወረቀቱን አጠፈችና ማይኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቲቸር ተቆጥተው ሁላችንንም ዝም አሰኙን፤ እሷን ግን ዳግመኛ ማይኩ ጋ ሊያደርሷት አልቻሉም። ተራዋ በደረሰ ቁጥር «ቲቸር፣ ዛሬ አልጻፍኩም» ትላለች። ውሸቷን ነበር። ሁልጊዜ ትጽፍ ነበር። አንድ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ሞልታ ሁለተኛውን ጀምራለች።

በዚያ ሁኔታ ሁለት ዓመት ጓደኛሞች ሆንን። እሷ ሒሳብ ታስረዳኛለች፣ እኔ አማርኛዋን አርምላታለሁ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኛ ሱቅ ጎራ ትላለች፤ አባቴ በርጩማ አውጥቶ ያስቀምጣታል። «ይቺ ልጅ ዶክተር ነው የምትሆነው» ይለኛል ስትሄድ። እኔን እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ፣ አንድ ዓርብ አገሯ ሄዳ ሰኞ ሳትመለስ ቀረች። የመጣችው ሐሙስ ነው። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለች ጁስ ቤት ይዛኝ ገባች። አቮካዶውን አዘን ሁለታችንም ሳንነካው ደብተሯን ገልጣ ወደኔ ገፋችው።

«አንብቢው» አለችኝ።

ስለ አንዲት ልጅ ነው የሚያወራው። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሰው ለልጅቷ ሽማግሌ ልኳል። ልጅቷ ሰውየውን ያየችው በስልክ ፎቶ ነው። ታላቅ ወንድሟ እዚያ ሰውየው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እንቢ ብትል ወንድሟ ምን እንደሚደርስበት አታውቅም፤ የሚነግራትም የለም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቷ ደስ ብሎት በግ አረደ። «እናቴ ዝም አለ» ይላል ጽሑፉ። «እኔም ዝም አልኩ። ዝም ስንል እሺ ያልን መሰላቸው።»

የኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ከኛ ከተማ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት የለም። ወንዶቹ በየብስ፣ በኬንያና በማላዊ አድርገው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። የደረሰው ሱቅ ይከፍትና ሚስት ከአገር ቤት ያስመጣል። ሙሽራዋ በአውሮፕላን ስለሆነ የምትሄደው ሁሉም «እድለኛ ናት» ይላታል። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እድለኛ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «የማዕከሉ የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ ይነበብ» አለች። «የወረዳም የዞንም ሰዎች ይመጣሉ፣ ቲቸርም አለች፣ ወላጆችም ይመጣሉ። አባቴንም እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። በሰው ፊት ከሰማ ያፍራል። ካፈረ ሊተወው ይችላል።»

«ታዲያ አንብቢዋ።»

«እኔ ካነበብኩት ይስቃሉ። የሚስቁበት ነገር ደግሞ አይደለም።» ደብተሩን ይበልጥ ወደኔ ገፋችና «አንቺ አንብቢልኝ» አለችኝ። «መጨረሻ ላይ የኔ መሆኑን ተናገሪ። ስሜን ስትጠሪ እነሳለሁ። መነሳቱን እችላለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ።

ጽሑፉን እኔ በእጄ ገለበጥኩት። «ዝም አለ» የሚለውን «ዝም አለች» ብዬ አቃናሁት፤ ሌላም ሌላም አቃናሁ። ቲቸር ለመዝጊያው የሚነበቡትን ሲመርጡ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው የደረሳቸው። አንብበው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «ከሰማሁት ነው» አልኳቸው። ያኔ ልነግራቸው እችል ነበር። በዕለቱ ይታወቃል ብዬ ዝም አልኩ።

የመዝጊያው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የሷ አባት አልመጣም። እናቷ ግን መጥታ ነበር፤ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። እናትየው አማርኛ ብዙም አትሰማም። ጓደኛዬ ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ለመነሳት እንዲመቻት ጫፉን የመረጠችው እሷ ናት።

አነበብኩ። ጥሩ አድርጌ አነበብኩ። ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ሲመለስልኝ ራሴን ወደድኩት። «ዝም ስንል እሺ ያልን መሰላቸው» የሚለው ጋ ስደርስ አንዲት ሴት «እውነት ነው!» ብላ ጮኸች። ስጨርስ ጭብጨባው መጣ። ሰዎች ተነሱ። አባቴ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። በሕይወቴ አባቴ በኔ ምክንያት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

በዚያ መሐል እሷን አየኋት። ሁሉም ቆሞ ስለነበር እሷም ቆማለች። ሰዎቹ እየተቀመጡ ሲመጡ እሷ ቆማ ቀረች። አንድ እጇን የፊተኛው አግዳሚ መደገፊያ ላይ አድርጋ አፌን ታያለች። ማይኩ እጄ ላይ ነበር። አንድ የዞን ባለሥልጣን እጄን ሊጨብጡ ወደ መድረኩ እየመጡ ነበር፤ ገና አልደረሱም። ጊዜ ነበረኝ። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «በድንጋጤ ነው፣ ልጅ ነበርሽ» ይለኛል። ድንጋጤ አልነበረም። አባቴን እያየሁ፣ ስሟን ብጠራ ይሄ መሐረብ ይታጠፋል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ፣ በነዚሁ ቃላት አሰብኩ።

«አመሰግናለሁ» አልኩና ማይኩን ሰጠሁ።

እሷም ተቀመጠች።

ከአዳራሹ ስንወጣ በር ላይ አገኘችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ጥሩ አነበብሽ» ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ እናቷን ክንዷን ይዛ በባጃጅ ሄደች። እናትየው ግን ዞር ብላ ጎንበስ አለችልኝ፤ ጥሩ ነገር ያደረግሁ መስሏት።

በዚያ ጽሑፍ ሐዋሳ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ተመርጬ ሄድኩ። ከየከተማው የተውጣጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሀደሮም፣ ከዱራሜም፣ ከወላይታም። ስለ ወጣቶች ድምፅ ተነጋገርን። ቡድን ሠርተን ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፍን። እኔን የቡድናችን ተናጋሪ አደረጉኝ። ስመለስ ልነግራት የምፈልገው ብዙ ነገር ነበረኝ። ቅዳሜ ማዕከል ሄድኩ፣ የለችም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ የለችም። ቲቸር «ጓደኛሽ ምን ሆነች?» ብለው ሲጠይቁኝ «አገሯ ገብታ ይሆናል» አልኩ። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቴም ያንኑ መለስኩ።

በክረምቱ መውጫ የሠርግ ጥሪ ደረሰን።

ቲቸርና አምስት ልጆች ሆነን ወደ ጊምቢቹ ሄድን። ጭቃ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወርደን በእግራችን በእንሰቱ መሐል ገባን። ድንኳን ተጥሏል። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ሙሉ ልብስ ለብሶ በወንድሙ ፈንታ ተቀምጧል፤ የሙሽራው ፎቶግራፍ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አበባ ተደርጎበታል። ሰው ይዘፍናል፣ ይበላል። አባቷ እየዞረ ሁሉንም «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» ይላል፤ ደግ ሰው ነበር፣ ክፉ አልነበረም። ቲቸር ፎቶውን አዩ፣ ሙሽራዋን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ምግቡን ሳይነኩ እጄን ይዘው ከድንኳኑ ኋላ ወሰዱኝ።

«ያ ጽሑፍ የማን ነበር?» አሉኝ።

«የሷ» አልኩ።

ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ነጠላቸውን ደጋግመው ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «አሥራ ስምንት አልሞላትም» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «ባውቅ ኖሮ እዚህ ቤት እመጣ ነበር። ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ እሄድ ነበር። ምንም ለውጥ ላላመጣ እችል ነበር። ግን እመጣ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ለጭብጨባ ብቻ ነው እንዴ የጠራሁት?» ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ከኔ ጋር አንስተው አያውቁም። ፕሮግራሙ ላይ አልከለከሉኝም፣ አላገለሉኝም፤ ግን ማይኩን ሲሰጡኝ እጄን ያያሉ እንጂ ፊቴን አያዩም። ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።

የጉዞ ወረቀቷ እስኪያልቅ ሰባት ወር ያህል ቆይታ በአውሮፕላን ሄደች። ከዚያ መጀመሪያ ላይ በኢሞ እንደዋወል ነበር። የባሏ ሱቅ ፍርግርግ ብረት አለው፤ በብረቱ ቀዳዳ ነው ዕቃ የምታቀብለው። «ሒሳቡን በቃሌ ስሠራው ይገርማቸዋል» ብላ አንድ ጊዜ ሳቀች። ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አማርኛ አጠናሁ፣ ተመርቄ ሆሳዕና መምህርት ሆንኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቲቸር ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ እኔ መቆም ጀመርኩ። ስልኩ እየተራራቀ ሄደ። አንድ ቀን ባሏ ሱቁ ውስጥ በዘራፊዎች ተተኩሶበት መሞቱን ገበያ ላይ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ጋ አዲስ አይደለም፤ ድንኳኑ ተጥሎ ልቅሶ ሲወጣ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አስከሬኑን ይዛ ልጇን አዝላ ገባች። ወንድሟ እዚያው ቀረ።

ልቅሶ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አቅፌያት ወጣሁ። ብቻዋን ላገኛት የሄድኩት ከዓመት በኋላ ነው። ጊምቢቹ ገበያው ዳር ልባሽ ልብስ ትሸጣለች። ወፍራለች፤ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም። ልጅቱ ኮት ክምር ላይ ተኝታለች። ከኋላ ባለው አግዳሚ ተቀመጥን፤ ለመናገር አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ስለ ልጅቱ ጠየቅሁ፣ ስለ ገበያው ጠየቅሁ። በመጨረሻ አወጣሁት። አባቴን እያየሁ ምን እንዳሰብኩ፣ መሐረቡን ሳይቀር ነገርኳት።

አንዲት ገዢ መጣች፤ ተነስታ ሸጠችላትና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እኔ ረስተሽው መስሎኝ ነበር» አለች። «ስሜ ጠፍቶባት ነው፣ ሰው በዝቶ ደንግጣ ነው እል ነበር። እዚያም ሆኜ እንደዚያ ነበር የማስበው።»

«አልረሳሁትም።»

«እንግዲህ አሁን አወቅሁ።» የልጅቱን እግር ኮት አለበሰችው። «አባቴ ያኔ ባይመጣም ሰው ይነግረው ነበር። ስሜ ቢጠራ ማታውኑ ይደርሰው ነበር። ግን ላይተወውም ይችል ነበር። አይታወቅም።» ከክምሩ የወደቀ ሸሚዝ አንስታ አጠፈች። «የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። ራሴ ባነበው ኖሮ ነው የምለው። ቢስቁብኝም። የሚስቁብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ቅዳሜ ማዕከሉ መጥታ ለልጆቹ እንድትነግራቸው ለመንኳት። በፈለገችው ቋንቋ ብትናገር ማንም እንደማይስቅ ቃል ገባሁላት።

«ቃል አትግቢ» አለችኝ፤ በቁጣ አልነበረም። «ቅዳሜ ገበያ ነው። ደግሞ ምን እላቸዋለሁ? አንቺ ንገሪያቸው፣ እየነገርሽ አይደል?»

አልመጣችም። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ የምናወራው ስለ ልጅቱ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁጥር ቶሎ ገባት ብላኛለች። ለአባቴም አምና እውነቱን ነገርኩት። አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል፤ ሁለቴ ደገምኩለት። የተቆጣም ያዘነም አልመሰለኝም። «እና ያቺ ልጅ ዶክተር ሳትሆን ቀረች?» ብቻ አለኝ።

አዳራሹ አሁንም አለ። ጣሪያው ተቀይሯል። ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው ያነባሉ፤ ሀዲይኛም ሆነ ከምባትኛ የፈለጉትን ይመርጣሉ። በሀዲይኛ ሲያነቡ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ከጎኔ ያለውን ልጅ «ምን አለች?» እላለሁ፣ ልጆቹም ይስቁብኛል። ከመካከላቸው ፈተና አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ፤ አንዷ ነርስ ሆና ሀቢቾ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ይህንንም ካልተናገርኩ ፕሮግራሙን እበድለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ ማይኩን ይዛ፣ ስሟንም ጠርታ፣ ሽማግሌ እንደተላከባት ተናገረች። ማንም አልሳቀም። በማግሥቱ እኔና ሁለት መምህራን፣ ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮም አንዲት ባለሙያ ሆነን እቤታቸው ሄድን። አባትየው በአክብሮት ተቀበሉን፤ ወንበር ጠርገው አስቀመጡን፤ ቅቤ ያለው ቆጮ አቀረቡልን። የተናገርነውን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙ። «ልጄን ስለምትወዷት አመሰግናለሁ» አሉን። «ዕድሜዋ እስኪሞላ እጠብቃለሁ» አሉን። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን።

ጠበቁም። ልጅቷ አሥራ ስምንት በሞላት በሁለተኛው ወር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደች። ሊሸኟት አዲስ አበባ ድረስ ከሄዱት ዘመዶቿ መሐል ባልኖርም ጠዋት መኪናው ሲነሳ አውቶቡስ ተራው ጋ ነበርኩ። መስኮቱን ከፍታ «ቲቸር፣ መልእክት ጻፊልኝ፣ እዚያም ይደርሰኛል» አለችኝ። መኪናው ወጣ። እኔም ክፍል ስለነበረኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።